ምስጋና ለቡና ላይ የልብ ሐኪሞቻችን

አገሪቱ የልብ ሐኪም አጥሯታል የሚሉ ሰዎች ቡና ተጠርተው አያውቁም ማለት ነው። አንድ ሐኪም ከአሥር ዓመት በላይ የሚማረውን የእኛ እትዬዎችና ጋሼዎች ጀበናው እስኪንተከተክ ይጨርሱታል።

የልቡ ደም ሥር ጠብቦ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የገባለት ጎረቤት ከሆስፒታል ሲወጣ ምርመራው በአቦል ይጀመራል።

«ምን ሰጡህ?»

«ክሎፒዶግሬል፣ 75 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ። ከአስፕሪን ጋር።»

«ውይ በሞትኩት! ሁለት ደም ማቅጠኛ? ሊጨርሱህ ነው እንዴ?»

ቶናው ሳይቀዳ ክሎፒዶግሬሉ ይታገዳል። ሐኪሙ «ሳትነግረኝ እንዳታቋርጥ፣ ዓመት ሊፈጅ ይችላል» ማለቱ ከፍርሃት ነው። ስቴንቱ ባዕድ ነገር ነው፣ የደም ሥሩ የራሱን ሽፋን እስኪያለብሰው ድረስ ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ተሰባስበው ድንገት ሊደፍኑት ይችላሉ እያለ ይጨነቃል። የእኛዎቹ ደፋሮች ናቸው፤ በሰው ልብ።

በረካ ላይ ደግሞ ልግስና አለ። ሐኪሙ ጨጓራውንም አልረሳም፣ ፓንቶፕራዞል ጽፎለታል። «እሱ ምን ያደርግልሃል!» ተብሎ ከእትዬ ቦርሳ ሌላ የጨጓራ ክኒን፣ ኦሜፕራዞል ይወጣል። የታገደውን ክሎፒዶግሬል ተደብቆ ቢውጠው እንኳ፣ ጉበት ውስጥ ካልተለወጠ አይሠራም፤ ኦሜፕራዞል ይህንኑ ለውጥ ያዳክማል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለቱን አብራችሁ አትውሰዱ ብሎ አስጠንቅቋል፤ ምን ያድርግ፣ እሱም ቡና የሚጠራው የለ። ለወገቡም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክ ይመረቅለታል፣ ከአስፕሪኑ ጋር ተጋግዞ ጨጓራውን እንዲያደማ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር መልሱ ተዘጋጅቷል፦ «ተወው፣ ቆሻሻው እየወጣልህ ነው።»

ጥርስ ሊያስነቅል ሲሄድ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ይባላል። «የለም» ይላል። ልብና ጥርስ ምን አገናኛቸው!

የታገደው ክሎፒዶግሬል ግን ይባክናል ብላችሁ እንዳትሰጉ። ክኒን መጣል ነውር ነው። ክፍለ ሀገር ላሉት፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ላላቸው አጎት በሚሄድ ሰው ይላካል። ስትሮኩ ከደም መርጋት ይሁን ከደም መፍሰስ ለመለየት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል የሚል ፈሪ ካለ፣ እትዬ ትናንት በስልክ ለይተውታል። ድምፃቸውን ሰምተው።