ጥላ ሥር ላሉት ጭብጨባ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጅማ ደግሞ ግንዛቤ አስጨበጡን። መቼም ታውቁታላችሁ። ባነር፣ ሞንታርቦ፣ ቲሸርት፣ «የዕለቱ የክብር እንግዳ»። የአሁኑ ስለ ቆዳ ካንሰር ነበር። እንዲህ በተግባር የተደገፈ ትምህርት ግን አይቼ አላውቅም፤ ሜዳ ላይ አቁመው ከፀሐይዋ ጋር ፊት ለፊት አስተዋወቁን።

የክብር እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ቆቡም ለእነሱ ታደለ፤ እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ። አንዱ ተናጋሪ «ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር ጨረሩም ይበረታል፤ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ አትቁሙ» አሉን። ሰዓቴን አየሁ። 6፡40። አጨበጨብን።

የወንበሩን ነገር ግን ሳላነሳ አላልፍም። ፀሐይዋ ዞራ የአንዱን እንግዳ ጉልበት ነካች። አስተባባሪው ሮጠ። ወንበሩ ወደ ውስጥ ተሳበ። አጠገባቸው ያሉትም ተሳቡ፤ በምን ያንሳሉ? ረድፉ በሙሉ ተነሳ። ንግግሩ ቆመ። ጠረጴዛው፣ አበባው፣ የታሸገው ውሃ ተከተለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፀሐይዋ (ይሉኝታ ቢስ!) እንደገና መጣች። እንደገና ተሳቡ። በሦስተኛው የኋላው ረድፍ በድንኳኑ ጀርባ ወጥቶ ሌላ ፀሐይ ላይ አረፈ። መከላከል ማለት ይሄ ነው!

ከፊት ባነር ያስያዙት ልጅ አልቢኒዝም ያለበት ነው። ለፎቶ ያምራል ብለው። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ራሱን ሳይሸፍን! እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ፀሐይ ይበልጥ የምትጎዳው እሱን ነው፤ ቆዳውን የሚጋርድለት ቀለም የለውም። አንድ ቆብ ጠፋ? አታፍሩም?

ለእኛ ለጠቆርነው የሚበጀውንም ማንም አልነገረን። ሜላኖማ የሚባለው ክፉው ዓይነት ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማያየው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ቦብ ማርሌይን በ1973 ዓ.ም.፣ ገና በ36 ዓመቱ የገደለው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተነሳው ነው። ጫማ አውልቆ እግርን ማየት፣ አዲስ ጥቁር ነገር ወይም የማይድን ቁስል ካለ ሐኪም ቤት መሄድ ነበር ወጉ። ግን ጫማ ማውለቅ ለፎቶ አይመችም።

ሰኞ ሄርማታ መርካቶ ወረድኩ። «ቆዳችንን ከፀሐይ እንጠብቅ» የሚለው ባነር አንድ የአቮካዶ ጉሊት ላይ ተዘቅዝቆ ተወጥሯል።

«እማማ፣ ከየት አገኙት?»

«ጥለውት ሄዱ የኔ ልጅ። ለፀሐይ ግን ደህና ነው።»