በሩን ለያዙልን

ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር በር ሳይሰለቹ ለሚጠብቁልን፣ ደሞዝም የደንብ ልብስም ጠይቀው ለማያውቁ ወገኖቻችን ምስጋና ይድረስ።

ከአያት ተሳፍረው ጦር ኃይሎች ነው የሚወርዱት። መንገዱ 22 ጣቢያ ነው፤ እነሱ ግን ገና ከመነሻው በሩ ሥር ቆመዋል። አርቆ ማሰብ ይሏል እንዲህ ነው! በባቡሩ ጫፍና ጫፍ፣ ደረጃ ከወጡ በኋላ ያለው ወለል ሰው ናፍቆታል። "ትንሽ ጠጋ በሉ" ሲባሉ "ወራጅ ነኝ" ይላሉ። አልዋሹም፤ መቼ አሉ?

ጣቢያ ላይ የሚጠብቋቸው የሙያ ባልደረቦቻቸውም አይታሙም። በሩ ሲከፈት ወራጁን ማስቀደም የሰነፍ ነው። መሃል ላይ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ክርንን አውጥቶ ፌስታሉን ማስቀደም፣ ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ መግባት። መገናኛ ሊወርድ የነበረው ሰውዬ "ወራጅ አለ!" እንዳለ በጎርፉ ተመልሶ ሃያ ሁለት የሚባለውን ሰፈር ያያል። ጉብኝቱ በነጻ ነው።

ትልቁ ውለታቸው ግን በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። በሩ የሚያግደው ነገር ሲነካው ተመልሶ ይከፈታል፤ ሁሉም በር ገጥሞ ካልተዘጋ ደግሞ ነጂው ቢለምነውም ባቡሩ አይነቃነቅም። ይህን የሚያውቅ ትከሻ መሃል ገብቶ ይጠብቃል። "ቶሎ በል!" የተባለው ጓደኛ ገና የጣቢያው ደረጃ ላይ ስልክ ያወራል። 15 ሰከንድ ብቻ። በ22 ጣቢያ ሲባዛ አምስት ደቂቃ ተኩል። የዘገየው ባቡር በሚቀጥለው ጣቢያ ብዙ ሰው ተከማችቶ ይቆየዋል፣ እሱን ሲጭን ይብስ ይዘገያል፤ ከኋላው ያለው ግን የተራረፈውን እየለቀመ ይደርስበታል። ስንጠብቅ ስንጠብቅ ሁለት ባቡር ተከታትሎ የሚመጣልን በእነሱ ጸሎት ነው።

ደግሞ ቦታ መምረጥ ያውቁበታል! ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት 5 ጣቢያዎች ሁለቱ መስመሮች፣ የአያቱና የቃሊቲው፣ አንድ ሃዲድ ይጋራሉ። ሜክሲኮ ላይ በር የያዘ ጀግና የአያቱን ብቻ ሳይሆን ከኋላ የመጣውን የቃሊቲውንም ያቆመዋል። በአንድ ትከሻ ሁለት መስመር፤ የትኛው መሐንዲስ ይችለዋል?

ጦር ኃይሎች ተደረሰ። በሩ ተከፈተ። ክርኑን ያወጣ፣ ፌስታሉን ያስቀደመ አንድ ሰው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ኧረ መጀመሪያ ሰው ይውረድ! ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?"