የደቡብ አፍሪካን ወይን በነጩ እንመዝነው

ስለ ደቡብ አፍሪካ ወይን ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ቀዩ ነው፤ በተለይ ፒኖታዥ። ነጩ ዋናው እስኪመጣ አፍ ማሟሻ ይደረጋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አገሪቱ ደረቷን ነፍታ ልታቀርበው የሚገባት ነጩን ነው፤ እሱም ሼኒን ብላን ከሚባለው የወይን ዝርያ የሚጠመቀውን።

ሼኒን የመጣው ከፈረንሳይ ነው። ዛሬ ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተተከለው ከፈረንሳዩ ይበልጣል። ብዙው ለዓመታት ለብራንዲና ለርካሽ ወይን ነበር የሚውለው። ከኬፕታውን በስተሰሜን ባለው ስዋርትላንድ ግን ያረጁ የሼኒን ተክሎች አሉ። ብዙዎቹ ያለ መስኖና ያለ ሽቦ ድጋፍ እንደ ቁጥቋጦ የቆሙ ናቸው። ፍሬያቸው ጥቂት ነው፤ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው። ችግሩ ገበሬው የሚከፈለው በቶን መሆኑ ነው። ዋጋው ካልተሻሻለ ያረጀውን ነቅሎ ብዙ የሚያፈራ ቢተክል ማን ይፈርድበታል? ደግነቱ አሁን 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ማሳዎች የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በጠርሙሱ ማኅተም ላይም የተተከሉበት ዓመት ይጻፋል። ስትገዙ እሱን ፈልጉ።

ስትቀምሱት አትቸኩሉ። በጣም የቀዘቀዘ ነጭ ወይን ሽታውን ይደብቃል። ከፍሪጅ አውጡትና ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ። ብርጭቆውን ከሲሶ በላይ አትሙሉት። አዟዙሩት፣ አሽትቱት። መጀመሪያ የበሰለ ፖምና ኮክ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ማር ማር ይላል። ማር ሸተተ ማለት ግን ጣፋጭ ነው ማለት አይደለም። ስትጎነጩት ምራቅ የሚያስመጣ ጎምዛዛነት አለው። ከዋጣችሁት በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል እንደሚቆይ ልብ በሉ። እኔ ትልቁን ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ፒኖታዥ የራሷ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነው። በ1925 ፕሮፌሰር አብርሃም ፔሮልድ ፒኖ ኖዋር የሚባለውን ቀይ የወይን ዝርያ ሳንሶ ከሚባለው ሌላ ቀይ ዝርያ ጋር አዳቅለው ያስገኙት ዝርያ ነው። ጥሩው የእንጆሪና የፕሪም ጣዕም አለው፤ ታኒኑም (አፍ የሚያደርቀው የልጣጩ ንጥረ ነገር) ድድ ሳያደርቅ አፍ ይሞላል። ግን አስቸጋሪ ነው። ሲብላላ ሙቀቱን ካልተቆጣጠሩት ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፤ አንዳንዴም ሙዝ ሙዝ። በእሳት በተጠበሰ የኦክ እንጨት አማካይነት ቡናና ቸኮሌት እንዲሸት የሚደረግም አለ። ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ግን ነጥብ እቀንስበታለሁ፤ የቀመስኩት እንጨቱን ነዋ! ፍሬው የት ሄደ?

ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣ የሚባለውም በሞቃት አገር አይሠራም። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ ወይኑም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ጠርሙሱ ይሸፈን። ስቴለንቦሽ የሚል የታዋቂ ወይን አብቃይ አካባቢ ስምና ውድ ዋጋ ያየ ሰው ምላሱን ሳይሆን ዓይኑን ነው የሚያምነው። የአገሪቱ ታዋቂ የወይን መመሪያ እንኳ አብዛኛውን የሚመዝነው ስሙን እያየ ነው፤ ለአምስት ኮከብ የታጩትን ግን ሸፍኖ እንደገና ያስቀምሳል። ለታጩት የሚበጅ ለሁሉም ይበጃል። ቤታችሁም ሞክሩት። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሉ፣ ቁጥር ስጧቸው፣ እያንዳንዱ ሰው ሳይነጋገር ነጥቡን ይጻፍ። ርካሹ ሼኒን ውዱን ቀይ ከበለጠ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ገንዘባችሁን እሱ ላይ አውሉት።