«ይመችህ!» ከተባለ በኋላስ?

የኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ ውድድር ላይ የሚሰጠው አስተያየት አራት ዓይነት ነው። አንደኛው «ወላሂ ምርጥ ነው»። ሁለተኛው «እጅህ ይባረክ፣ ይመችህ»። ሦስተኛው የእሳት ምልክት ብቻ ነው፤ ቃል የለውም። አራተኛው አይጻፍም። ባለቤቱ ዞር ሲል ነው የሚባለው፦ «ኧረ ተወው ባክህ፣ ኮፒ ነው።»

ይሄን የምለው በቅርቡ እዚሁ ደሴ በተደረገ አንድ አነስተኛ ውድድር ላይ ሥራዎቹን እንዳይ ተጋብዤ ስለነበር ነው። ተወዳዳሪዎቹ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች። ደንቡ ቀላል ነው። ከአራት ገጽ ያልበለጠ ኮሚክ ትሠራለህ፣ በቴሌግራም ቡድኑ ላይ ትለጥፋለህ። ከዚያ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው አንዳቸው በሌላው ሥራ ላይ ሐሳብ ይሰጣሉ። አሻሽለህ መልሰህ ታስገባለህ፤ ዳኞች ይፈርዳሉ፤ ከሥራው ሥር የተሰጠው ምልክት ብዛትም ይቆጠራል። አዘጋጆቹ ይህንን በማሰባቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ግን ሐሳብ የሚሰጥ ሰው ጠፋ። ሙገሳው ብቻ እንደ ጉድ ዘነበ።

በእኔ እምነት ኮሚክ የሚሠራ ሰው ከተፎካካሪው የተሻለ አንባቢ አያገኝም። እናቱ ትወደዋለች። ጓደኛው ያፍረዋል። ዳኛው ቸኩሏል። ተፎካካሪው ግን እሱም ሌሊቱን የሰው እጅ መሳል አቅቶት ሲስልና ሲያጠፋ ያደረ ነው፤ የት ጋ እንደሚከብድ ያውቃል። ከእሱ የሚፈለገው ፍርድ አይደለም። ምክርም አይደለም። ያነበበውን ይናገር። የት ጋ ገባኝ፣ የት ጋ ጠፋብኝ፣ የት ጋ ሳቅኩ፣ የት ጋ ተመልሼ አነበብኩ። በቃ።

አንዱን ሥራ ልንገራችሁ። ታሪኩ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከ1,850 ሜትር ገደማ ይነሳና በሐረጎ እየተጠማዘዘ እስከ 2,500 ሜትር አካባቢ ይወጣል። ታች በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው፣ ላይ ሲደርስ ጃኬት ያምረዋል። ልጁ ይሄንን በሥዕል ብቻ አምጥቶታል። በመጀመሪያው ፍሬም፣ ማለትም የሥዕል ሳጥን፣ መስኮቶቹ ተከፍተዋል። አራተኛው ላይ ተዘግተዋል። ስድስተኛው ላይ መስታወቱ በጉም ነጭ ሆኗል፤ አንዲት ሕፃን በጣቷ «ሀ ሁ» ትጽፍበታለች። «በረደ» የሚል ቃል የትም የለም።

የታሪኩ ልብ ያለው ግን ሦስተኛው ፍሬም ላይ ነው። ረዳቱ «እማማ፣ ሂሳብ?» ይላቸዋል አንዲትን አሮጊት። እሳቸውም «ልጄ ከፍሎልኛል» ይላሉ። አጠገባቸው ልጅ የለም። ረዳቱ ሾፌሩን ያየዋል፣ ሾፌሩ በመስታወት መልሶ ያየዋል፣ ነገሩ በዚያው ይታለፋል። የሚያምር ታሪክ ነው። ችግሩ አሮጊቷ የተሳሉት በግራ በኩል ነው፤ ንግግራቸው የተጻፈባት ክብም፣ ልጆቹ ባብል ነው የሚሏት፣ ከረዳቱ ባብል ከፍ ብላለች። እኛ የምናነበው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ስለዚህ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይነበባል። አሮጊቷ ማንም ሳይጠይቃቸው ከመሬት ተነስተው የሚያወሩ ይመስላሉ።

ከሥሩ ምን ተጻፈ? «ጀግና!» «ሐረጎ ናፈቀኝ።» «ኮምቦልቻ ትለያለች።» ደሴዎቹ ደግሞ ለዚያች መልስ ሰጡ፤ ትንሽ ስለ ሙቀትና ስለ ብርድ ተጨቃጨቁ፤ ኮሚኩ ተረሳ።

ከዚያ አንዲት ሌላ ተወዳዳሪ መጣች። የጻፈችው ይህችን ነው፦ «ሦስተኛው ፍሬም ላይ መጀመሪያ የእማማን ነው ያነበብኩት። ሳይጠየቁ ለምን መለሱ ብዬ ተመልሼ አየሁት።» አላሞገሰችውም። አልነቀፈችውም። እንዲህ አድርገው አላለችም። ያነበበችበትን መንገድ ነገረችው፤ ሄደች።

ልጁ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? እኔ ብሆን ሁለቱን ሰዎች ቦታ አቀያይራቸው ነበር። እሱ ሰዎቹን አልነካም። የረዳቱን ባብል ወደ ግራ ጥግ አወጣና ረጅም ጅራት ቀጠለለት፤ ጅራቱ በተሳፋሪዎቹ ጭንቅላት ላይ አልፎ ረዳቱ አፍ ድረስ ይደርሳል። የአሮጊቷን ወደ ታች አወረደው። እንዲያውም መኪናው የበለጠ የተጨናነቀ መሰለ። ልጅቷ «ሰዎቹን ቀያይራቸው» ብላ መክራው ቢሆን ኖሮ ይሄንን አናገኝም ነበር። ምክር የመካሪውን ኮሚክ ነው የሚያስሠራው። የንባብ ዘገባ ግን መላውን ለባለቤቱ ይተውለታል።

ተፎካካሪ ብቻ የሚያያቸው ጥቃቅን ነገሮችም አሉ፤ ብዙዎቹ ከፊደላችን ጋር የተያያዙ ናቸው። «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት። ሥራው በስልክ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ጭረቷም አብራ ትጠፋለች። «ስልኬ ላይ ሁለተኛው ገጽ አልነበብ አለኝ» ማለት ከአሥር «እጅህ ይባረክ» ይበልጣል። የቃላችን ርዝመትም አለ። «አልተመለሰችላቸውም» አንድ ቃል ነው፤ 11 ፊደል ነው። ከውጭ ኮሚክ የተቀዳ ጠባብ ባብል ውስጥ ስትከተው ለሦስት ይሰበራል፤ አንባቢው እየተደናቀፈ ነው የሚያነበው። ጩኸትም እንዲሁ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። ሹክሹክታን ከጩኸት መለየት የምትችለው በመጠን፣ በውፍረትና በባብሉ ቅርጽ ነው። አንድ ልጅ ሲጣሉ የሚጮሁትንም ሲጸልዩ የሚያንሾካሹኩትንም በአንድ ዓይነት እስክሪብቶ፣ በአንድ መጠን ጽፏቸዋል። ይሄንን ያየለት አልነበረም። የሥዕሉን ጥላ ግን ሁሉም አድንቆለታል።

ከሁሉም የከፋው የታሪክ ኮሚክ ዕጣ ነው። አንዱ ተወዳዳሪ የሰገሌን ጦርነት ሠርቶ መጣ። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በጥቅምት 1909 ዓ.ም. የተሸነፉበት ነው፤ ለደሴ ሰው የቤት ጉዳይ ነው። አስተያየቱ ወዲያው ወደ ንጉሡ ልጅ ወደ ልጅ ኢያሱ ዞረ። ማን ከዳ፣ ማን ትክክል ነበር፣ ማን ቀድሞ ተንቀሳቀሰ። ቡድኑ ሁለት ቀን በዚህ ታመሰ። ክርክሩን አልጠላሁትም፤ ቡና ላይ ቢሆን እኔም እገባበት ነበር። ግን ገጹ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነበር። እያንዳንዱ ፍሬም አናት ላይ አንድ አንድ አንቀጽ ተጭኗል። ጽሑፉ «ፈረሰኞቹ ገሰገሱ» ይላል፤ ከሥሩ ያለው ሥዕልም ፈረሰኞች ሲገሰግሱ ያሳያል። አንዱ ትርፍ ነው። ልጁ ፈረስ እንዴት እንደሚስል ብታዩ ትርፉ የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝም ነበር። ስለ ጽሑፉ ብዛት ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ሥራውን አሻሽሎ ሲመልስ ምን ጨመረ? ሌላ አንቀጽ። የተከራከሩትን ለማስታረቅ።

አሁን ወደዚያ «ኮፒ ነው» ወደሚለው ልምጣ። ብዙዎቹ ልጆች የጃፓን ኮሚክ እየተመለከቱ ነው ያደጉት። ዓይኑ ትልቅ፣ ፀጉሩ ሹል ነው። አንዳንዱ ጭራሽ ገጹን ከቀኝ ወደ ግራ ያስኬደዋል፤ ጃፓኖቹ እንደዚያ ስለሚያነቡ። አማርኛው ከግራ ይሄዳል፣ ፍሬሞቹ ከቀኝ ይመጣሉ፤ አንባቢው መሐል ላይ ይጋጫል። ይሄ እንደ ማንኛውም የንባብ ችግር ሊነገር የሚችል ነው፤ «የትኛውን ፍሬም ቀድሜ ማየት እንዳለብኝ አላወቅኩም» ይባላል። «ኮፒ ነው» ግን ስለ ገጹ ምንም አይነግረውም። የሚናገረው ስለ ልጁ ነው።

ደግሞስ መቅዳት መቼ ነው ነውር የሆነው? በሳጥን ከፋፍሎ ታሪክ መንገር ለእኛ አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የሰለሞን ታሪክ በትንንሽ ሳጥኖች ተደርድሮ፣ ብዙ ጊዜ በ44፣ ከየሥዕሉ ሥር በአማርኛ ተጽፎበት ሲሸጥ ያላየ ማን አለ? ሠዓሊዎቹ ያንን ታሪክ አንዱ ከሌላው እያየ ነው የሠሩት። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በኩል በአንድ ዓይን ሲያሳይ የኖረው አንዱ ከአንዱ እየወረሰ ነው። ሙሉ ፍሬም ገልብጦ «የኔ ነው» ማለት ሌብነት ነው፤ ያንን በግልጽ፣ ምንጩን አሳይቶ፣ ለአዘጋጆቹ መንገር ይገባል። ከዚያ ውጪ ያለው ግን ትምህርት ነው።

ስለ እርማት ካነሳን፣ ወሎ ውስጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚነሳ የቅኔ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ይመጣና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙለታል። ገና ጀማሪ ከሆነ ደግሞ የሚነግረው ከእሱ ቀድሞ ለገፋ ተማሪ ነው፤ አስነጋሪ ይባላል። ተማሪ ተማሪን ያርማል ማለት ነው። እዚያ እርማቱ የሚቻል የሚሆነው፣ እንደሚመስለኝ፣ ነገ ሌላ ቅኔ ስላለ ነው። ትናንት የተባለው አይደገምም። ዛሬ ቤት፣ ማለትም ስንኝ፣ ቢጎድልበት ነገ ይሞላዋል። የእኛ ተወዳዳሪ ግን ከርሞ ከርሞ ያወጣት አንዲት ሥራ ናት። ወር ሙሉ ደክሞ፣ በቀለም ጨርሶ፣ ለጥፏታል። በዚያን ሰዓት «ሦስተኛው ፍሬም ጠፋብኝ» ቢሉት የሞት ፍርድ ነው የሚመስለው። አስተያየት ሰጪውም ይህን ስለሚያውቅ «ይመችህ» ብሎ ያልፋል። ክፋት አይደለም፤ ማዘን ነው።

ስለዚህ እኔ የምወቅሰው ይሉኝታችንን ብቻ አይደለም። ሰዓቱንም ነው። አስተያየት መሰጠት ያለበት ሥራው ገና በእርሳስ እያለ ነው። ያኔ ባብል ለማንቀሳቀስ ላጲስ ይበቃል። ቀለም ከገባ በኋላ ገጹ እንደገና ይሠራል፤ ማን ያንን ይፈልጋል? በታብሌት የሚሠሩት ይሻላቸዋል፤ ግን እዚህ አብዛኛው ልጅ በወረቀት ነው የሚሠራው።

«ተፎካካሪዬን ለምን አሻሽላለሁ? ሞኝ ነኝ እንዴ?» የሚል አጋጥሞኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሽልማት አለ። መልሴ ግን አጭር ነው። የሌላውን ገጽ «የት ጋ ጠፋብኝ» ብሎ ያነበበ ሰው ወደ ራሱ ገጽ ሲመለስ ዓይኑ ሌላ ነው። የባብል ቅደም ተከተሉን ያየችው ያቺ ልጅ የራሷንም ሁለተኛ ገጽ በማግስቱ ቀይራ መጣች። ማንም ምንም አላላትም ነበር።

አስተያየት ተቀባዩም አንድ ዕዳ አለበት፤ አይከራከር። «እሱ እኮ ሕልም ነው፣ አልገባህም» የሚል መልስ በየቦታው አይቻለሁ። ሕልም መሆኑን የማስረዳት ሥራ የገጹ ነው። አንባቢው ሁሉ ጋ ቤት ለቤት እየዞርክ አታስረዳም። አመስግን፣ ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከጠፋበት አስተካክል፣ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ራስህ ወስን።

ቀጣዩን ዙር ለሚያዘጋጁት የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከመጨረሻው ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ የእርሳስ ንድፍ ይሰብሰብ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሁለት ሰው ንድፍ ይድረሰው፤ በግል፣ ቡድኑ ላይ ሳይሆን። የት ጋ እንደገባውና የት ጋ እንደጠፋበት ካልጻፈ የራሱም ሥራ ተቀባይነት አያግኝ። በምልክት ብዛት ማወዳደሩ ይቅር፤ አሁን ባለው አካሄድ የአጎትና የአክስት ልጅ የበዛለት ነው የሚያሸንፈው። ዳኞቹም ውጤት ሲያሳውቁ ላልተሸለሙት ሁለት ሁለት መስመር ይጻፉላቸው። ከአሥራ አምስት የማይበልጥ ሰው ነው፤ ለአንድ ከሰዓት የማያልቅ ሥራ አይደለም። እኔም ከተጠራሁ ድርሻዬን እጽፋለሁ።