ይድረስ ለክቡር «ሲስተም የለም»

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የራሴን ጤና ላስጠይቅ ወጥቼ እርስዎ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ድሮ ካርድ ክፍል «ካርድህ ጠፍቷል» ስንባል ቢያንስ የምንጣላው ሰው ነበረን። መደርደሪያው ተገለባብጦ፣ አቧራው ቦኖ ካርዱ አንዳንዴ ይገኝ ነበር። አሁን ልጅቷ ስክሪኑን አየት፣ እኔን አየት፣ ትከሻዋን ሰበቅ። የእርስዎን ስም ከጠራች አለቀ፤ ይግባኝ የለውም።

ባለፈውማ ሐኪሟ ጋ ደርሼ ነበር። እኔ ሕመሜን ስናገር ዓይኗ ስክሪኑ ላይ፣ ጣቷ ኪቦርዱ ላይ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» «ከሦስት ቀን።» ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ሁለታችንም ዝም ብለን እሷን ስናይ ቆየን፤ ሳሌ እንኳ አደብ ገዝቶ ጠበቀ። በመጨረሻ ከመሳቢያዋ ብጣሽ ወረቀት አውጥታ ጻፈችና «ሲመለስ አስገባዋለሁ» አለች። አንዱን ሳል ሁለቴ መመዝገብ፣ አንዴ በእስክሪብቶ አንዴ በኪቦርድ፤ አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይኼ ነው።

በአድልዎ ግን አይታሙም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለውን የኮምፒውተር ቫይረስ አስከትለው እንግሊዝ ሲገቡ አምቡላንስ ሳይቀር ፊቱን ወደ ሌላ ሆስፒታል አዙሯል። በሜይ 2021 ደግሞ የአየርላንድ የጤና አገልግሎት ኮምፒውተሮቹን ዘግቶ ወደ ወረቀት ተመልሷል። እኔን የገረመኝ ግን የዘመድዎ የኤክሴል፣ የዚያ የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ሥራ ነው። በ2020 እዚያው እንግሊዝ አሮጌው የፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አልይዝ ብሎ 15,841 ኮሮና የተገኘባቸው ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ወጥተው ቀሩ፤ ከነሱ ጋር የተነካካውን ሰው ፍለጋም ዘገየ። አልጋ ሞላ ሲባል ሰምተናል። ረድፍ ሞላ?

ኮምፒውተሩን ጠልቼ እንዳይመስልዎ። እርስዎ በሌሉበት ቀን ነገሩ ያምራል። ኢስቶኒያ ውስጥ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመድኃኒት ማዘዣ በኮምፒውተር ይሄዳል፤ መታወቂያ ይዞ ፋርማሲ መድረስ ነው፣ የሐኪም ጽሑፍ የሚፈታ ሊቅ ፍለጋ ቀርቷል። የኔ ጠብ «ቢቋረጥስ?» ብለው ሳይጠይቁ መዝገቡን አሽቀንጥረው፣ ለእርስዎ ወንበር ካዘጋጁት ጋር ነው።

አንድ ጉዳይ ብቻ ላስቸግርዎ። ብጣሿ ወረቀት ላይ «ከሦስት ቀን» የተባለው ሕመም አሁን ዐሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። እርስዎ ሲሄዱ፣ ከመግባቱ በፊት ይታረምልኝ።

አክባሪዎ፣
ባለ ብጣሽ ወረቀቱ