ማስተካከያ፦ ስለ «ኦዳክስ» ስያሜ ትርጉም

ለክለባቸው ስም ለሚመርጡ የደብረ ብርሃን ብስክሌተኛ ወጣቶች ባዘጋጀሁት ጽሑፍ፣ በአውሮፓ በበርካታ ክለቦች ስም ውስጥ የሚገኘው «ኦዳክስ» የአንድ መሥራች የቤተሰብ ስም ነው ብዬ መጻፌ ስሕተት ነው። የላቲን መዝገበ ቃላትና የብስክሌት ታሪክ መጻሕፍት እንደሚያስረዱት ቃሉ «ደፋር» ማለት ሲሆን፣ መጠሪያነቱ የጀመረው በ1897 እ.ኤ.አ. ጣሊያናውያን ብስክሌተኞች ከሮም እስከ ኔፕልስ ያለውን 230 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአንድ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመጨረስ ካደረጉት ጉዞ ነው።

በዚህ ስሕተት ምክንያት ስሙን «የባዕድ ሰው መታሰቢያ ነው» በማለት ከዕጩዎች ዝርዝር የሰረዛችሁ እንደገና ልታዩት ትችላላችሁ። በእኔ ግምት ግን «ደፋር» በአማርኛ ነቀፋም ስላለበት፣ የጣርማ በርን ዳገት ለሚወጣ ክለብ «ጽናት» የተሻለ ይስማማዋል።