ፒኤስ 3 ላይ ሊኑክስን የፈቀደው ራሱ ሶኒ ነው

ወንድሜ፣ «ፒኤስ 3 (የሶኒ ጌም ማሽን ፕሌይስቴሽን 3) ላይ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ያስገቡት ሃከሮች ናቸው፤ ሶኒ የዘጋውም ኮፒ ጌም ስለበዛ ነው» ብለሃል። ወሬው በየቦታው ይዞራል፤ ግን ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ማሽኑ በፈረንጆቹ 2006 ሲወጣ ሴቲንግ ውስጥ «አዘር ኦኤስ» (ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) የሚባል ምርጫ ነበረው። ሃርድ ዲስኩን ትከፍላለህ፣ ሊኑክሱን ትጭናለህ፣ አለቀ። እርግጥ እንደልብ አይደለም። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ጠባቂ ሶፍትዌር የግራፊክስ ቺፑን አያስነካህም። ዋናው ራም 256 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ እንደ ኮምፒውተር ልጠቀምበት ስትል ያቃስታል። ሂሳብ ላይ ግን ጉደኛ ነበር፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1,700 በላይ ፒኤስ 3 ገጣጥሞ ሱፐርኮምፒውተር ሠርቶበታል።

ወደ ኮፒው ስንመጣ፣ እስቲ ቀኖቹን እያቸው። ጆርጅ ሆትዝ የሚባለው ሃከር ሃይፐርቫይዘሩን መስበሩን ያሳወቀው በጃንዋሪ 2010 ነው። ሶኒ «ለደህንነት» ብሎ በ3.21 አፕዴት አዘር ኦኤስን ያጠፋው ኤፕሪል 1 ላይ። ኮፒ ጌም የሚያስነሳው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ዕቃ ብቅ ያለው ደግሞ ኦገስት ላይ ነው፤ እሱም ሊኑክስ የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ስሊም የሚባለው ቀጭኑ ፒኤስ 3ማ በ2009 ሲወጣ ጀምሮ ምርጫው አልነበረውም፤ ሆትዝ ገና ምንም ሳይል ማለት ነው።